በአንድ ፓውንድ የተሸጠው ጎተራ፦ የሃርመንድስወርዝ ጉዳይ

በ2006 ለንደን ዳርቻ ላይ የሚገኝ፣ 580 ዓመት ገደማ የቆየ የእርሻ ሕንፃ በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ገዢው ገበሬ አልነበረም። ጂብራልታር ውስጥ የተመዘገበ ኩባንያ ነው። የሚያከማቸው እህል የለውም፣ ሕንፃውን ለመጠገንም ሲጣደፍ አልታየም። ታዲያ ምን ሊያደርግበት ገዛው? መልሱ ያለው ከአጠገቡ ካለው የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው፤ ግን እዚያ ከመድረሳችን በፊት ሕንፃው ራሱ ምን እንደሆነና ማን ለምን እንደሠራው ማየት አለብን፣ ምክንያቱም ያኔም ነገሩ የተጀመረው በገንዘብ ስሌት ነው።

ቦታው ሃርመንድስወርዝ ይባላል። ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በስተሰሜን ያለች ትንሽ መንደር ናት። እንግሊዝ የሚኖር የኛ ሰው ይህን ስም ከሰማው አብዛኛውን ጊዜ በመልካም አይደለም፤ ጥገኝነት ተከልክለው ከአገር እንዲወጡ የሚጠበቁ ሰዎች የሚያዙበት ማቆያ በዚሁ ስም ይጠራል። ማቆያው ከትልቁ መንገድ ዳር ነው። ወደ መንደሩ ገባ ካላችሁ ግን ሌላ ዓለም ነው፦ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ መጠጥ ቤቶች፣ የጡብ ቤቶች፣ ከዚያ ደግሞ በጣውላ የተሸፈነ አንድ ግዙፍ ነገር። ርዝመቱ 59 ሜትር፣ ስፋቱ 11፣ ከፍታው 12 ሜትር ይሆናል። ገጣሚው ጆን ቤጀማን "የሚድልሴክስ ካቴድራል" ብሎታል፤ ሚድልሴክስ መንደሯ ያለችበት የቀድሞ አውራጃ ነው። ማጋነን ሊመስል ይችላል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀና ብሎ ያየ ግን አይከራከረውም።

አሁን ወደ ባለቤቶቹ። ኖርማኑ ንጉሥ ዊልያም እንግሊዝን ከያዘ በኋላ በ1069 ይህን ርስት ፈረንሳይ አገር፣ ሩዋን ለሚገኝ ገዳም በጉልት ሰጠ። ገዳሙ ባሕር ማዶ ተቀምጦ የእንግሊዝ ገበሬ የሚያርሰውን ሲበላ ሦስት መቶ ዓመት ቆየ። ከዚያ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመቶ ዓመቱ ጦርነት ውስጥ ገቡ፣ የፈረንሳይ ገዳማት እንግሊዝ ውስጥ ያላቸውን መሬት ይዘው መቆየት አስቸጋሪ ሆነባቸው። ይህን ጊዜ የዊንቸስተሩ ጳጳስ ዊልያም ኦቭ ዋይክሃም ብቅ አሉ። ሰውየው ጳጳስ ብቻ አልነበሩም፤ የመንግሥት ሹምም ነበሩ፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚሠራ የገባቸው ሰው ናቸው። በ1382 ዊንቸስተር ኮሌጅ የሚባል ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ 70 ድሃ ተማሪዎችን ማስተማር ነበር ዓላማው። ተማሪ ደግሞ ይበላል፣ ይለብሳል፣ መምህር ይፈልጋል። ስለዚህ በ1391 የሃርመንድስወርዝን ርስት ገዝተው ለትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ አደረጉት።

ጎተራው የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፣ ጳጳሱም ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከ1425 እስከ 1427። ኮሌጁ የሂሳብ መዝገብ አይጥልም። ለዚህ ነው የሁለት ሰዎች ስም እስከ ዛሬ የተረፈው፦ ዊልያም ኪፒንግና ጆን አት ኦክ። ከቴምዝ ወንዝ ዳር ካለችው ከኪንግስተን የኦክ እንጨት እንዲያመጡ የተላኩት እነሱ ናቸው፣ ሕንፃውን ያቆሙት አናጢዎችም እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል። የዘመኑን ታላላቅ ካቴድራሎች የሠሩትን ተራ ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ በስም አናውቃቸውም። የአንድ የእህል ማከማቻ አናጢዎችን ግን ስማቸውን እናውቃለን፤ ይሄ ለእኔ ከሕንፃው ርዝመት ይበልጥ ደስ የሚል ነገር ነው።

አንድ ስህተት እዚህ ላይ ማስተካከል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው "የአስራት ጎተራ" ይለዋል። አይደለም። የአስራት ጎተራ ገበሬው ካመረተው ላይ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው አንድ አስረኛ የሚገባበት ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ እንደዚያ ያሉ አሉ። የሃርመንድስወርዙ ግን የኮሌጁ የራሱ እርሻ ምርት የሚከተትበት ነበር። ትልቅና አሮጌ ጎተራ ባዩ ቁጥር አስራት ማለት የተለመደ ነገር ነው እንጂ።

ለምን ይሄን ያህል ትልቅ አስፈለገ? ለአማርኛ አንባቢ ይህ ጥያቄ በደንብ መብራራት ያለበት ይመስለኛል። በኛ ደጋ እህል ከታጨደ በኋላ ክምሩ ሜዳ ላይ ይቆያል፣ አውድማ ላይ በሬ ይሄድበታል፣ በበጋው ነፋስ ይዘራል፣ ጎተራ የሚገባው ፍሬው ብቻ ነው። ወር ሙሉ ዝናብ አይመጣም ብሎ መተማመን ይቻላል። እንግሊዝ ውስጥ ይሄ ዋስትና የለም። ነዶው ታስሮ፣ ከነጭዱ፣ ቶሎ ጣሪያ ሥር ካልገባ ይበሰብሳል ወይም ይበቅላል። ስለዚህ ጎተራው የሚይዘው ፍሬ ሳይሆን የአዝመራውን ክምር እንዳለ ነው፣ መውቂያውም እዚያው ውስጥ ነው። መከሩ በነሐሴ ይገባል፤ ከዚያ የእንግሊዝን ብርዳማ ወራት ሙሉ ሰዎች ውስጥ ቆመው፣ ሁለት ዱላ በጠፍር ተያይዞ በተሠራ መውቂያ፣ ቀስ እያሉ ይወቁታል። የሃርመንድስወርዙ ውስጡ ወደ 4,900 ሜትር ኩብ ይይዛል የሚባለው ለዚህ ነው። በምሥራቅ በኩል ያሉት ሦስት በሮች ደግሞ የተሠሩት ነዶ የተቆለለበት ጋሪ ሳይነካ እንዲገባባቸው ነው።

አሠራሩን ላሳያችሁ። ውስጡ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፦ መሀል ሰፊና ረጅም አዳራሽ፣ ግራና ቀኝ ጠበብና ዝቅ ያሉ ጎኖች። መሀሉን ከጎኖቹ የሚለዩት ሁለት የምሰሶ ረድፎች ናቸው፣ ርዝመቱም በምሰሶዎቹ 12 ቦታ ይከፈላል። ሸክሙን የሚሸከሙት እነዚህ ምሰሶዎች ናቸው፤ የውጪው የጣውላ ግድግዳ ልብስ ነው ማለት ይቻላል። ምሰሶዎቹ በቀጥታ መሬት አልነኩም። እያንዳንዱ ሥር የአሸዋ ድንጋይ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እንጨት ውሃ የሚመጠው በተቆረጠው ጫፉ ነው፣ ጫፉ አፈር ላይ ካረፈ እርጥበቱ ወደ ላይ ይሳባል፣ ከዚያ ከሥር ይበሰብሳል። ስድስት መቶ ዓመት ያቆመው ነገር ምንድነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከኦኩ በፊት ድንጋዩን እጠራለሁ።

ወደ አንድ ምሰሶ አናት ጠጋ እንበል። በዚያ ዘመን አናጢዎች ግንዱን ገልብጠው ያቆሙታል፣ የሥሩ በኩል ወደ ላይ። ለምን? የዛፍ ግንድ ሥሩ ጋ ይሰፋል፣ እነሱ ደግሞ ሰፊውን ቦታ የሚፈልጉት ላይ ነው፣ እዚያ ሦስት እንጨት ስለሚገናኝ። ከአናቱ ላይ ሁለት ምላስ ይወጣል፣ አንዱ ዝቅ ያለ፣ አንዱ ከፍ ያለ። ዝቅ ያለው ምላስ በሕንፃው ርዝመት የሚሄደው አግዳሚ ውስጥ ይገባል፣ ከፍ ያለው ደግሞ ከአንዱ የምሰሶ ረድፍ ወደ ሌላው ተሻግሮ የሚያስረው አግዳሚ ውስጥ። ያ ተሻጋሪ አግዳሚ ራሱ ከሥሩ ተፈልፍሎ፣ ጫፉ ሰፍቶ አንገቱ በቀጠነ ቅርጽ፣ በረጅሙ አግዳሚ ላይ ይቆለፋል። አሁን የጣሪያው ክብደት ሁለቱን ረድፎች ወደ ውጭ ልክፈት ቢል አይችልም፤ በገፋው መጠን ቁልፉ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚያያይዘው የእንጨት ችንካር ነው። እንጨቱ የሚጠረበው ደግሞ ገና እርጥብ ሳለ ነበር፣ የደረቀ ኦክ መጥረቢያ አይደፍረውምና፤ ከቆመ በኋላ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተርና ችንካሩን ይበልጥ ይነክሰዋል።

ጣሪያው የሸክላ ክዳን ነው፣ ክብደቱ ቀላል አይደለም። ክዳን አንድ ሲወልቅ ዝናቡ የሚወርደው ሌላ ቦታ ላይ አይደለም፣ ያችው የገለጽኳት መጋጠሚያ ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ከዚህ በኋላ ያሉትን አራት መቶ ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው፣ ምክንያቱም ጎተራው ሥራውን ከመሥራት ሌላ ብዙ የገጠመው ነገር የለም። ሄንሪ 8ኛ በ1543 ርስቱን ከኮሌጁ በልውውጥ ወሰደ። በ1547 ለዊልያም ፓጄት ተሰጠ፣ ቤተሰቡም ለረጅም ዘመን ያዘው። ንጉሥ መጣ፣ ንጉሥ ሄደ፣ ነዶ ገባ። ባለቤቱ ያለውን አፍርሶ አዲስ ሕንፃ መሥራት አላስፈለገውም፤ ስለሚሠራ ይጠገናል፣ ስለሚጠገን ይቆያል።

ጎተራን የሚገድለው ሥራ ማጣት ነው። ስኮትላንዳዊው አንድሩ ሚክል በ1786 የመውቂያ ማሽን ሠራ፣ የብርዱ ወራት የእጅ ውቂያ ቀስ በቀስ ቀረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኮምባይነር መጣ። ማጨዱንም መውቃቱንም እዚያው ማሳ ላይ ይጨርሰዋል። ነዶ የሚባል ነገር ጠፋ፣ የነዶ ቤትም አብሮ ትርጉም አጣ። ትራክተሩና መሣሪያው በአሮጌ በር አይገባም፣ ገበሬው ጎኑ ላይ የብረትና የቆርቆሮ መጋዘን ያቆማል። የሃርመንድስወርዙ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ለእርሻ አገልግሏል፣ ይህም ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ጎረቤቱ የነበረችው ሂትሮው የምትባል የገበሬ መንደር እኮ በ1944 ለአውሮፕላን ማረፊያው ተብላ ከነቤቶቿ ጠፍታለች። ስሟ ብቻ ተርፎ ዛሬ የበረራ ትኬት ላይ ይታተማል።

ሥራ ያጣ ጎተራ እንግሊዝ ውስጥ ሦስት ዓይነት ዕጣ ይደርሰዋል። ይፈርሳል፣ ወይም መኖሪያ ቤት ይሆናል፣ ወይም ሠርግ ይደገስበታል። ብዙው ወደ መኖሪያ ነው የሄደው። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በተወሰነ ሁኔታ የእርሻ ሕንፃን ያለ ሙሉ የግንባታ ፈቃድ ወደ መኖሪያ መለወጥ የሚያስችል ደንብ ወጥቷል፤ በቅርስነት የተመዘገቡትን ግን አይጨምርም። በኔ አስተያየት መጨመርም የለበትም። የጎተራ ውበቱ ባዶነቱ ነው፤ ፎቅ ካነጠፋችሁበት፣ መኝታ ቤት ከከፈላችሁለት፣ ጣሪያውን በመስኮት ከበሳችሁት በኋላ የቀረው ውድ ቤት እንጂ ጎተራ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ካልተለወጠ ማን ይጠግነዋል የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። የኛ ጉዳይ የተሰነቀረውም እዚህ ላይ ነው።

በ1980ዎቹ አንድ የግንባታ ድርጅት ጎተራውን ገዝቶ ጥገና አድርጎለት ነበር። ድርጅቱ በኋላ ከሰረ። ንብረቱን እንዲያጣሩ የተሾሙት ሰዎች ጎተራውን ለአካባቢው ምክር ቤትና ለቅርስ ጥበቃው አካል ለኢንግሊሽ ሄሪቴጅ በአንድ ፓውንድ አቀረቡት። ሁለቱም አልፈለጉትም። አትፍረዱባቸው፤ እንዲህ ያለ ሕንፃ በአንድ ፓውንድ ስትገዙ የምትገዙት ዕዳ ነው፣ ጣሪያው ብቻ ስንት ያስወጣል። ጂብራልታር የተመዘገበው ኩባንያ ግን ገዛው።

ሂሳቡ ይሄ ነው። በ2003 መንግሥት ለሂትሮው ሦስተኛ ማኮብኮቢያ እንደሚደግፍ በፖሊሲ ሰነድ አስታወቀ፣ በጥር 2009 ደግሞ ይሁን አለ። ማኮብኮቢያው የታሰበው በሰሜን በኩል፣ እነዚህ መንደሮች ባሉበት ነው። መሬቱ ለኤርፖርት ከተወሰደ ባለቤት ካሳ ይከፈለዋል። ብዙዎች ኩባንያው የጠበቀው ይህን ካሳ ነው ብለው ደመደሙ። ሌላ ለማሰብም ያስቸግራል። በአንድ ፓውንድ የተገዛ ሎተሪ ነው፤ ቢደርስ ትርፍ፣ ባይደርስ ኪሳራው አንድ ፓውንድ። እስከዚያው ለጥገና የሚወጣ እያንዳንዱ ሳንቲም ከትርፉ የሚቀነስ ነው፣ ስለዚህ አይወጣም። ጎተራው አብዛኛውን ጊዜ ተዘጋ። ክዳን ይወልቃል፣ አይተካም። ውሃው ያቺን መጋጠሚያ አገኛት።

"ሕግ የለም እንዴ?" የሚል ይኖራል። አለ። ብሪታንያ ከ1947 ጀምሮ ታሪካዊ ሕንፃዎችን ትመዘግባለች፣ ይህ ጎተራ ከ1950 ጀምሮ ከፍተኛ በሆነው በአንደኛ ደረጃ ተመዝግቧል። ማንም ያለ ፈቃድ ሊያፈርሰው አይችልም። ግን ልብ በሉ፦ ምዝገባ "አታፍርስ፣ አትለውጥ" ይላል እንጂ "ጠግን" አይልም። በቸልታ እንዲፈርስ መተው በራሱ ወንጀል አይደለም። ቀዳዳው ይሄ ነው፣ ብልጥ ባለቤትም በዚህ ቀዳዳ ነው የሚሾልከው።

ያም ሆኖ የተመዘገቡ ሕንፃዎችን የሚመለከተው የ1990ው ሕግ ሁለት መሣሪያ ሰጥቷል። አንዱ የአስቸኳይ ሥራ ማስጠንቀቂያ ነው፣ አንቀጽ 54 ላይ ያለው፦ የተመዘገበ ሕንፃ አደጋ ላይ ከወደቀ ባለሥልጣኑ ቢያንስ የሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ ገብቶ ሊጠግን፣ ወጪውንም ከባለቤቱ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው የጥገና ማስጠንቀቂያ ነው፤ እሱ ካልተፈጸመ ንብረቱን በግዴታ እስከመግዛት ያደርሳል። ወረቀት ላይ ጠንካራ ናቸው። በተግባር ባለሥልጣናቱ ይፈራሉ፣ ወጪውን ማስመለስ ሙግት ነው፣ ባለቤቱ ሌላ አገር የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ሙግቱ ይረዝማል።

ለሃርመንድስወርዝ ግን ተሠራበት። በ2009 ማስጠንቀቂያው ወጣ፣ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ራሱ ገብቶ ወደ 30,000 ፓውንድ የሚሆን አስቸኳይ ጥገና አደረገ፣ ገንዘቡን ለማስመለስም ከባለቤቱ ጋር ክርክር ተጀመረ። በዚህ መሀል ሌላ ነገር ተፈጠረ። በግንቦት 2010 አዲስ መንግሥት መጣና የሦስተኛውን ማኮብኮቢያ ዕቅድ ሰረዘ። ሎተሪው አልወጣም። ባለቤቱ እጅ ላይ የቀረው የሚያፈስ ጣሪያና የጥገና ሂሳብ ብቻ ሆነ። በጥር 2012 ጎተራው በ20,000 ፓውንድ ወደ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ መዛወሩ ተነገረ።

እንግዲህ በአንድ ፓውንድ አይሆንም የተባለው በሃያ ሺህ ተገዛ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ቆም ብዬ ሳስበው ግን በሁለቱ ጊዜያት መሀል ጎተራው ምን ያህል እንደተጎዳና ባይገዛ ምን ይሆን እንደነበር መታየት አለበት፣ በዚያ ሲታይ ዋጋው ርካሽ ነው። የሕጉ ማስፈራሪያና የፖለቲካው ለውጥ ባንድ ጊዜ ባይገጣጠሙ ኖሮ ግን ማስጠንቀቂያው ብቻውን ባለቤቱን ያስለቅቀው ነበር የሚል እምነት የለኝም።

ከዚያ እውነተኛው ጥገና መጣ፣ ወጪው ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ። ጣሪያው፣ የውጪው ጣውላ፣ የተጎዱት እንጨቶች። መርሁ ቀላል ነው፦ የሚድነውን አትተካ። አንድ እንጨት ጫፉ ቢበሰብስ ሙሉውን አያወጡትም፤ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጠው፣ አዲስ ኦክ በዚያው ልክ ጠርበው ይቀጥሉታል። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው እንጨት 95 በመቶ ያህሉ ዛሬም ያለው። አዲሱ ቁራጭ በቀለሙ ይለያል፣ መለየቱም ጥሩ ነው፤ የትኛው የኪፒንግ ዘመን፣ የትኛው የኛ ዘመን እንደሆነ ሰው በዓይኑ ማንበብ ይችላል።

ዛሬ ጎተራውን የሚከፍቱት የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሃሳባቸው ግን አላረፈም። በሐምሌ 2015 አንድ ኮሚሽን ማኮብኮቢያው በሰሜን ምዕራብ በኩል ይሠራ አለ፣ በሰኔ 2018 ፓርላማው አጸደቀ፣ በየካቲት 2020 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሕገወጥ ነው አለ፣ በታኅሣሥ የዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገለበጠው፣ በጥር 2025 ደግሞ መንግሥት እንደሚደግፈው እንደገና አስታወቀ። ዕቅዱ ከተፈጸመ ከሃርመንድስወርዝና ከጎረቤት መንደሮች ብዙ ቤት ይፈርሳል። ጎተራው በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ብዙዎቹ ጎረቤቶቹ ግን አይደሉም፤ ቁልፉን የያዙት በጎ ፈቃደኞች የሚኖሩት ደግሞ እዚያው መንደር ውስጥ ነው።

ለንደን ያላችሁ፣ ወይም ሂትሮው ላይ ረጅም ሰዓት የምትጠብቁ፣ ሄዳችሁ እዩት። የተለመደው መክፈቻ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በወሩ ሁለተኛና አራተኛ እሁድ ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አረጋግጡ። ስትገቡ ሁሉም ሰው ወደ ጣሪያው ነው የሚያንጋጥጠው። እናንተ መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ ምሰሶዎቹ የቆሙበትን ድንጋይ እዩ።